ምዕራፍ ሰባት፦ ዕቃው የወጣበት ቤት

«ምነው ቤቱን እንዲህ ኦና አደረጉት? ሰው ሞቶባቸዋል እንዴ?»

ይህን ያሉት አክስቴ ናቸው። እሁድ ከሰዓት ነው። ላፕቶፔን ከቴሌቪዥኑ ጋር በገመድ አያይዤ፣ ለንደን ላይ የተቀረጸ አንድ ተውኔት በኢንተርኔት ከፍቻለሁ። እሳቸው ቡና እየቆሉ በጎን ያያሉ። እንግሊዝኛ አይሰሙም፤ ስለዚህ ጆሯቸው ሥራ ፈቶ ዐይናቸው ብቻ ነበር የሚሠራው። ዐይናቸው ያየው ደግሞ ይህን ነው፦ ነጭ ወለል፤ ዙሪያውን መቀመጫም አጥርም የሚመስል ዝቅ ያለ ጠርዝ፤ ከኋላ አንድ በር። ጠረጴዛ የለም፣ አልጋ የለም፣ መስኮት የለም። ሰዎቹም ጫማ አላደረጉም።

«አይ እትዬ፣ ሆን ብለው ነው እንዲህ የሠሩት።»

«ብር አጥሯቸው ነው?»

«ኧረ ብር ሞልቷቸዋል።»

«ታዲያ ወንበር እንኳ ይንፈጓቸው?»

ምዕራፉን ልጽፍ የተነሣሁት ይህን ጥያቄ ለመመለስ ነው። በምዕራፍ አራት ዲኮር፣ ማለትም መድረክ ላይ የሚቆመው የቤትና የዕቃ ሥራ፣ ቦታን እንዴት እንደሚፈጥር አይተናል፤ ሦስት ዓምድና አንድ ምንጣፍ የንጉሥ አዳራሽ ይሆናሉ ብለን ነበር። ባለፈው ምዕራፍ ደግሞ መብራት ዐይናችንን እየጎተተ ወዴት እንደሚያሳየን ተመለከትን። አሁን ወደ ኋላ ልንመለስ ነው። ዓምዱንም ምንጣፉንም አውጥተን ስንጥል ምን ይቀራል? የሚቀረው ብዙ ሰው እንደሚገምተው «ቃሉ ብቻ» አይደለም። ቃሉ ድሮም ነበረ። የሚቀረው፣ ይልቁንም አዲስ የሚወለደው፣ ርቀት ነው፤ በአንድ ሰውና በሌላው ሰው መካከል ያለችው ስንዝርና ክንድ።

ተውኔቱና ቤተሰቡ

ተውኔቱ የአሜሪካዊው አርተር ሚለር «ከድልድዩ ላይ ሲታይ» ነው። ሚለር የታሪኩን ፍሬ ያገኘው ከጠበቃ ወዳጁ ነው። አንድ የብሩክሊን የወደብ ሠራተኛ ቤቱ ያስጠጋቸውን ሁለት ወንድማማች ዘመዶቹን ለኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ጠቁሞ አስያዛቸው፤ ምክንያቱ ከወንድማማቾቹ አንዱ ያሳደጋትን ልጅ ሊያገባ መሆኑ ነበር። ሚለር ይህን ይዞ መጀመሪያ ባለ አንድ ገቢር ተውኔት ጻፈ፤ በ1955 ብሮድዌይ ላይ ታየ (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አዲስ አበባ ላይ ዛሬ ብሔራዊ የምንለው ቴአትር ቤት የተመረቀውም በዚያው ዓመት ነው፤ ሁለቱን የሚያገናኝ ነገር የለም፣ ግን ዘመኑን ለማስታወስ ይረዳኛል። በዓመቱ ሚለር ተውኔቱን ወደ ሁለት ገቢር አስፍቶ ለንደን ላይ አሳየ። ዛሬ በየአገሩ የሚሠራው ይኸኛው ነው።

ኤዲ ካርቦን ብሩክሊን ውስጥ ሬድ ሁክ በሚባል የወደብ ሰፈር ይኖራል። ሚስቱ ቢያትሪስ ናት። የቢያትሪስን የእህት ልጅ ካትሪንን እንደ ልጃቸው አሳድገዋታል፤ አሁን አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። ከሲሲሊ የቢያትሪስ የአክስት ልጆች፣ ማርኮና ሮዶልፎ፣ ተደብቀው ይገባሉ። የሰፈሩ ሰው እንደነዚህ ያሉትን «ሰርጓጅ መርከቦች» ይላቸዋል፤ ውሃ ውስጥ ገብተው የሚሄዱ ማለት ነው። ዋሽንግተን ወይም ሎስ አንጀለስ ዘመድ ያለው አንባቢ «ወረቀት የለውም» የምትለዋን አነጋገር ስለሚያውቅ ነገሩን ከዚህ በላይ ማብራራት አያስፈልገኝም። ካትሪን ሮዶልፎን ትወደዋለች። ኤዲ ይቃወማል፤ ለራሱም ለሰውም የሚሰጠው ምክንያት ይበዛል። ልጁ ይዘፍናል፣ ይሰፋል፣ ምግብ ያበስላል፤ ወንድ አይደለም፤ የሚፈልገው ዜግነቱን ነው ይላል። እውነተኛውን ምክንያት ግን አይናገረውም። ለራሱም አያውቀው ይሆናል። በመጨረሻ ስልክ ደውሎ ይጠቁማቸዋል። ከዚያ በኋላ ያለው እንደ ናዳ የሚወርድ ነው።

አክስቴ ያዩትን ዝግጅት የሠራው ቤልጂየማዊው አዘጋጅ ኢቮ ቫን ሆቨ ነው፤ መድረኩንና መብራቱን የነደፈው የሥራም የሕይወትም አጋሩ ያን ቨርስቬይቨልድ። በ2014 ለንደን ውስጥ ያንግ ቪክ በተባለው ቴአትር ቤት ተከፈተ፤ በ2015 ወደ ዊንደምስ ቴአትር ተዛወረ፤ በዓመቱ መጨረሻ ኒው ዮርክ ገባ። ኤዲን ማርክ ስትሮንግ፣ ቢያትሪስን ኒኮላ ዎከር፣ ካትሪንን ፊቢ ፎክስ ተጫውተዋል። ለንደን ላይ የኦሊቪየር፣ ኒው ዮርክ ላይ የቶኒ ሽልማቶችን ወስዷል። ሁለት ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ዕረፍት የለውም።

ዕቃ ምን ይሸፍናል?

የአክስቴን የመጀመሪያ ጥያቄ ደግመን እንየው። ሰው ሞቶባቸዋል ወይ? ጥያቄው ከየት እንደመጣ ማንኛችንም እናውቃለን። ልቅሶ ቤት ሶፋው ይወጣል፣ ቡፌው ወደ ጓዳ ይገባል፣ ቴሌቪዥኑ ይነሣል፤ ፍራሽና ሰሌን ይዘረጋል። በሌላ ቀን እዚያው ሳሎን ሃያ ጊዜ ገብተን አይተነው የማናውቀውን ነገር ያን ቀን እናያለን። ማን ከማን አጠገብ እንደተቀመጠ፣ የሟች ወንድም ከሟች ሚስት ምን ያህል ርቆ እንደተቀመጠ፣ ማን በሩ ሥር ቀርቶ ወደ ውስጥ እንዳልዘለቀ። ስንወጣ የምናወራውም ይህንኑ ነው። «አየሃት? አጠገቧ እኮ አልተቀመጠችም!» እንላለን። ሶፋው በቦታው ቢሆን ኖሮ ይህ ወሬ አይኖርም ነበር፤ ቦታ ሞልቶ ነው ይባላላ።

ዕቃ ለርቀት ሰበብ ይሰጣል። አንድ ባልና አንዲት ሚስት በጠረጴዛ ወዲያና ወዲህ ቢቀመጡ ራት እየበሉ ነው እንላለን፤ ጠረጴዛው ሲነሣ ግን ሁለት ሜትር ተራርቀው የተቀመጡ ባልና ሚስት ይሆናሉ። ለምን ተራራቁ? ጥያቄው ሳንፈልገው ይመጣል። ዲኮር ብዙ ጊዜ የሚያገለግለው እንዲህ ያለው ጥያቄ እንዳይመጣ ነው፤ ተዋናዩም እጁን የሚያሳርፍበት፣ የሚደገፍበት፣ የሚያጸዳው ብርጭቆ አግኝቶ ይረጋጋል። ጀማሪ ተዋናይ ባዶ መድረክ ላይ ስታቆሙት መጀመሪያ የሚቸግረው እጁ ነው። የት ያድርገው?

ይህን ለማመን ቴአትር ቤት መግባት አያስፈልግም። ሚኒባስ ታክሲ ሞልቶ ስትሳፈሩ ከማታውቁት ሰው ጋር ትከሻ ለትከሻ ተጣብቃችሁ ትሄዳላችሁ፤ ማንም ምንም አያስብም። ታክሲው ባዶ ሆኖ፣ መቀመጫው ሁሉ ክፍት ሆኖ፣ አንድ ሰው ገብቶ ልክ እናንተ አጠገብ ቢቀመጥስ? ያው ትከሻ፣ ያው ርቀት ነው። ትርጉሙ ግን ሌላ ነው። ቦርሳችሁን ሳብ ታደርጋላችሁ። የተለወጠው በሁለታችሁ መካከል ያለው ቦታ አይደለም፤ በዙሪያችሁ ያለው ባዶ ቦታ ነው።

ባዶ መድረክ ማለት ባዶ ታክሲ ነው። ማንኛውም መጠጋት ምርጫ ይሆናል፤ ማንኛውም መራቅም እንዲሁ።

ስንዝር፣ ክንድ፣ እርምጃ

ይህን ነገር በመለኪያ ያስቀመጠው የቴአትር ሰው አይደለም። ኤድዋርድ ሆል የተባለ አሜሪካዊ አንትሮፖሎጂስት፣ የሰውን ልጅ ባህልና ልማድ የሚያጠና ምሁር ማለት ነው፣ በ1966 ባሳተመው መጽሐፍ ሰዎች እርስ በርስ የሚጠብቁትን ርቀት በአራት ከፈለው። እስከ 45 ሴንቲ ሜትር ድረስ ያለው የፍቅረኞች፣ የእናትና የሕፃን፣ የሚደባደቡ ሰዎችም ነው። ከዚያ እስከ 1.2 ሜትር የወዳጅ ነው። እስከ 3.6 ሜትር ያለው የሥራና የትውውቅ። ከዚያ ያለፈው የአደባባይ ነው፤ መምህርና ተማሪ፣ ሰባኪና ምእመን። ሆል ልኩን የወሰደው በዋናነት ከአሜሪካውያን ነው፤ በየባህሉ እንደሚለያይም ራሱ ተናግሯል። እኛ ሦስት አራት ጊዜ ጉንጭ ለጉንጭ ተሳስመን፣ ትከሻ ለትከሻ ተጋጭተን የምንለያይ ሰዎች የመጀመሪያዋን ርቀት በየመንገዱ እናልፋታለን።

ለቴአትር የሚጠቅመው ከቁጥሮቹ ይልቅ ከመጀመሪያው ርቀት ጋር የተያያዘው ነገር ነው። ፍቅርና ጠብ አንድ ርቀት ላይ ይኖራሉ። ስለዚህ ሁለት ሰዎች 45 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ሲገቡ ተመልካች ለአፍታ የትኛው እንደሆነ አያውቅም። አዘጋጅ የሚሠራው በዚያች አፍታ ነው። ተዋናዮች በየትኛው ቃል ላይ የት ቆመው ወዴት እንደሚራመዱ የሚወሰንበት ሥራ፣ በሙያው ቋንቋ ብሎኪንግ የሚባለው፣ ዕቃ በሞላበት መድረክ ትራፊክ ማስተናገድ ሊመስል ይችላል። በባዶው መድረክ ግን ራሱ ድርሰት ነው።

ቫን ሆቨ ይህን እንዴት እንደጻፈው ተመልከቱ። ኤዲ ከሥራ ይመለሳል፤ ካትሪን ሮጣ ትዘልበታለች፤ ሁለት እግሯን በወገቡ ላይ ጠምጥማ ትንጠለጠላለች። ሕፃን አባቷን እንደምትቀበል ነው። እሷ ግን ሕፃን አይደለችም። በሙሉ ቤት ውስጥ ይህ በበሩና በጠረጴዛው መካከል የሚያልፍ ሰላምታ ይሆን ነበር። እዚህ ግን ነጩ ወለል ላይ ከሁለቱ ሌላ የምናየው ነገር የለም።

አክስቴ ምጣዱን አቆሙ።

«አባቷ ነው?»

«አይደለም፤ የሚስቱ የእህት ልጅ ናት። እሱ ነው ያሳደጋት።»

ትንሽ ዝም አሉ። «እንዲያ ከሆነ ትውረድ» አሉ።

ገና ዐሥር ደቂቃ አልሞላም። አንዲት ቃል አልሰሙም። ኤዲ ሁለት ሰዓት ሙሉ ለራሱ የማያምነውን፣ የተውኔቱ ተራኪ የሆነው ጠበቃ አልፊዬሪ ጠምዝዞ ሊነግረው ሞክሮ ያልቻለውን፣ ሚስቱ እስከ መጨረሻው በሆዷ ይዛ የምትቆየውን፣ አክስቴ ከቡና ምጣድ ጎን ሆነው በርቀት ብቻ አነበቡት። ሚስትየዋስ የት ቆማለች ብዬ ያየሁት ከእሳቸው በኋላ ነው። ራቅ ብላ ነበር።

ወንበሩ

ቤቱ ባዶ ከሆነ ዘንድ የሚገባ ማንኛውም ነገር ክስተት ነው። ነጭ ነጠላ ላይ የወደቀች የወጥ ጠብታ ማለት ናት፤ ባለ ብዙ ቀለም ሽርጥ ላይ ብትወድቅ ማን ያያታል?

በመጀመሪያው ገቢር መጨረሻ ኤዲ ሮዶልፎን ቦክስ ላስተምርህ ብሎ በጨዋታ መልክ ይመታዋል። ወንድምየው ማርኮ ዝም ብሎ ያያል። ከዚያ ወንበር ያመጣና ኤዲን ይጠይቀዋል፤ የአንዱን እግር ጫፍ ብቻ ይዘህ፣ በአንድ እጅህ፣ ከወለል ማንሣት ትችላለህ? ኤዲ ይሞክራል፤ አይችልም። ማርኮ ይንበረከካል፣ ይይዛል፣ ቀስ እያለ ያነሣዋል፤ ከኤዲ ራስ በላይ እስኪሆን። ስድብ የለም፣ ዛቻ የለም። ወንድሜን ብትነካ ምን እንደምሆን እይ የሚል ነገር ግን ከወንበሩ ጋር ይነሣል።

ትዕይንቱ የሚለር ነው፤ በየትኛውም ዝግጅት አለ። ልዩነቱ ምንድን ነው? በተለመደው ዝግጅት ወንበሩ ከምግብ ጠረጴዛው ሥር ካሉት አንዱ ነው። ስናየው ቆይተናል፤ ኤዲ ራት የበላበት ነው። እዚህ ግን እስካሁን ወንበር ያላየንበት ቤት ውስጥ ወንበር ገባ። የምንቀመጥበትን ነገር ረስተን የምናየው እንጨት፣ ክብደት፣ እግር ነው። ብዙ ዝግጅት አይቻለሁ፤ አንድ ወንበር ሲነሣ ትንፋሼን የያዝኩት ግን ያን ጊዜ ብቻ ነው።

(እውነቱን ለመናገር ትንፋሼን ከያዝኩት ከፊሉ በኢንተርኔቱ ነው። ወንበሩ ከኤዲ ደረት ትይዩ ሲደርስ ምስሉ ቆመ፤ መሃሉ ላይ ያቺ ክብ መዞር ጀመረች። ግማሽ ደቂቃ ያህል ማርኮ ወንበሩን እንደያዘ ቀረ። አክስቴ «ምን ያህል ጉልበት ቢኖረው ነው!» አሉ።)

ባዶው አዲስ ነው ወይ?

ቫን ሆቨን ያሞገሱ ሰዎች አንዳንዴ ሚለርን ከአሮጌ ዕቃ ነጻ እንዳወጣው ያወራሉ። ይህ ትንሽ ማጋነን አለበት። ሚለር ራሱ በተውኔቱ መክፈቻ ላይ ዲኮሩ አጽም ብቻ እንዲሆን ጽፏል፤ የምግብ ጠረጴዛ፣ ጥቂት ወንበር፣ የሸክላ ማጫወቻ፣ አንድ የስልክ ዳስ። ብዙ ነገር የጨመሩት በኋላ የመጡ አዘጋጆች ናቸው። በ1956 ለንደን ላይ ባለ ሁለት ገቢሩን ያዘጋጀው ፒተር ብሩክ ለምሳሌ ሰፈሩን በሙሉ ወደ መድረክ አመጣው፤ የፎቁ ግድግዳ፣ ደረጃው፣ የጎረቤቱ ቤት ሳይቀር። ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም፤ ኤዲን የሚገድለው የሰፈሩ ዐይን ስለሆነ ሰፈሩ ይታይ ነው። ይኸው ብሩክ በ1968 ግን ስለ ባዶ ስፍራ መጽሐፍ ጻፈ፤ ቴአትር ለመሆን ባዶ ቦታ፣ የሚያልፍ ሰውና የሚያይ ሰው ይበቃል የሚለውን ሐሳብ ከማንም በላይ ያስፋፋው ያ መጽሐፍ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ብዙ ያስተምራል።

ስለዚያ የለንደን ዝግጅት አንድ ነገር ጣል ላድርግ፤ ከርቀት ወሬያችን ጋር ይገጥማልና። በእንግሊዝ ያኔ ተውኔት በአደባባይ ከመታየቱ በፊት ከቤተ መንግሥት ሹም ፈቃድ ያስፈልገው ነበር፤ ሹሙም ይህን ተውኔት ከለከለ። የከለከለው በአንድ ድርጊት የተነሣ ነው። ኤዲ በንዴትና በስካር ሮዶልፎን ይዞ ከንፈሩን ይስመዋል፤ ሊያዋርደው። ቴአትር ቤቱ የአባላት ክበብ ነኝ ብሎ ተመልካቹን በአባልነት እየመዘገበ አሳየ። ሳንሱሩን ያስፈራው የሁለት ሰዎች መካከል ዜሮ ሴንቲ ሜትር መሆኑ ነበር።

ከብሩክም ከሚለርም በፊት ግን ግሪኮች ነበሩ። ምዕራፍ ሁለት ላይ የጥንቱን የግሪክ ቴአትር ስናይ ከክቡ ሜዳ ኋላ አንድ ቤትና አንድ ትልቅ በር እንደነበረ ጠቅሰናል። ግድያው ከበሩ ኋላ ይፈጸማል፤ ወሬው ወይም ሬሳው በበሩ ይወጣል። በሜዳው ዳር ደግሞ ኮረስ፣ ማለትም ነገሩን እያየ የሚያዝንና የሚመክር የሰፈር ሰው ቡድን፣ ይቆማል። የቨርስቬይቨልድን መድረክ አሁን ተመልከቱት። ከኋላ አንድ በር። ሦስቱን ጎን ተመልካች ከብቦ ተቀምጧል፤ የተወሰኑት መድረኩ ላይ፣ ከተዋናዮቹ ጥቂት እርምጃ ርቀው። ጠርዙን ይዞ የሚዞረው ተራኪው ጠበቃ አልፊዬሪ ነው፤ ሚለር ኮረሱን በአንድ ሰው አሳጥሮት የለ! የብሩክሊንን ወጥ ቤት ሲያወጡት ከሥሩ የአቴና ሜዳ ተገኘ። ሬድ ሁክ የሚባል ሰፈር አለመታየቱ ያጎደለው ነገር አለ፤ ድህነቱ አይሸትም፣ የወደቡ ላብ የለም፣ ለምን ሲሲሊያውያን ተርበው እንደመጡ በዐይን የሚያስረዳ ነገር አጣን። ይህን ያጎደለ ዝግጅት ነው ብሎ የሚከራከር ሰው ቢመጣ አልሟገተውም።

የሠርግ ቪዲዮ

እስካሁን የተናገርኩት ሁሉ ለንደን ወንበር ላይ ለተቀመጠ ሰው የሚሠራ ነው። እኔና አክስቴ ያየነው ግን በካሜራ የተቀረጸውን ነው።

የእንግሊዝ ብሔራዊ ቴአትር ከ2009 ጀምሮ ተውኔቶችን ከመድረክ በቀጥታ ወደ ሲኒማ ቤቶች ያስተላልፋል፤ የመጀመሪያው ሔለን ሚረን የተወነችበት «ፌድራ» ነበር፤ እሱም የቤተሰብ ትራጄዲ፣ አሳዛኝ ተውኔት ነው። ይህኛው በ2015 ከዊንደምስ ተላለፈ። በ2020 ወረርሽኙ ቴአትር ቤቶችን ሲዘጋ የተቀረጹት ሥራዎች ወደ ኢንተርኔት ወጡ፤ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ብሔራዊ ቴአትሩ ከፍሎ ማየት የሚቻልበትን አገልግሎት ከፈተ።

የሠርግ ቪዲዮ አይታችሁ ታውቃላችሁ። አዳራሹ ውስጥ የነበራችሁ ጊዜ የሙሽራው እናት ጥግ ይዘው ዕንባቸውን በነጠላ ጫፍ ሲጠርጉ አይታችኋል፤ ሁለት ሚዜዎች ተኮራርፈው እንደነበርም። ቪዲዮው ላይ ግን ኬኩ ነው ያለው። ካሜራ ያነሣው ሰውዬ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ መምረጥ ስላለበት ነው። የተውኔት ቀረጻም እንዲሁ ነው። ብዙ ካሜራ ይቆማል፤ ቀደም ብሎ ልምምድ ይደረጋል፤ በየቅጽበቱ የትኛው ምስል እንደሚታይ አንድ ሰው ይወስናል። አዳራሽ ውስጥ ዐይኔ ራሱ ይመርጥ የነበረውን እሱ መረጠልኝ።

ለሌላ ዝግጅት ይህ ትንሽ ኪሳራ ነው። ርቀት ቋንቋው ለሆነ ዝግጅት ግን አደጋ ነው። ካሜራው የማርክ ስትሮንግን ፊት አቅርቦ ሲያሳየን መንጋጋው እንዴት እንደሚጠብቅ፣ ከቅንድቡ በላይ ያለችው ደም ሥር እንዴት እንደምትነሣ እናያለን፤ ከሦስተኛ ፎቅ ርካሽ ቲኬት የገዛ የለንደን ሰው ይህን መቼም አያየውም። ያኔ ግን ካትሪን የት ናት? ቢያትሪስስ? የቅርብ ምስል ሰውን ከርቀቱ ይነጥለዋል፤ ባዶው ወለል ከክፈፉ ይወጣል። ባዶው ወለል ከሌለ ደግሞ ሌላ ማንኛውም ፊልም ነው።

ቀረጻው በሚበዛው ይህን የተረዳ ይመስለኛል፤ ደጋግሞ ወደ ኋላ እየሸሸ ሙሉውን ነጭ አራት ማዕዘን ያሳየናል። ቤተሰቡ ከእንግዶቹ ጋር ተቀምጦ የሚጨዋወትበት አንድ ትዕይንት አለ። በየንግግሩ መካከል የሚያስጨንቅ ዝምታ ይገባል፤ ከሥሩ እንደ ግድግዳ ሰዓት አንድ ምት ይመታል። ማንም አይንቀሳቀስም ማለት ይቻላል። ይህን በሩቅ ምስል ስታዩት ሰዎቹን ሳይሆን በሰዎቹ መካከል የተዘረጉ ገመዶች የምታዩ ይመስላችኋል። በቅርብ ምስል ሲመጣ ገመዱ ይላላል።

በኢንተርኔት ለምታዩ የምመክረው ትንሽ ነገር ነው፦ በስልክ አትዩት። ባዶ ቦታ ቦታ ይፈልጋል። በእጅ መዳፍ ላይ ሁለት ሜትርም 45 ሴንቲ ሜትርም አንድ ጣት ናቸው።

ያልወጣው ነገር

አንድ ቅሬታ አለኝ። ቫን ሆቨ ቤቱን አጽድቶ አጽድቶ ሲያበቃ ሙዚቃ አስገባበት፤ ጥቂት አይደለም። የፈረንሳዊው ጋብሪኤል ፎሬ መዝሙር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እየሄደ እየመጣ ይሰማል። ዐይኔን ካመነው ጆሮዬን ለምን አላመነውም እል ነበር። ዝምታ ራሱ ዕቃ የወጣበት ቤት ነውና እሱን በሙዚቃ መሙላት ሶፋውን በመስኮት እንደ መመለስ መሰለኝ። አሁንም ቦታ ቦታ ላይ ይበዛል እላለሁ።

ግን አክስቴ ቡናውን ቀድተው ሲቀመጡ «ይሄ ዜማ ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁኝ። የፎሬ ሬኩዊየም ነው። ሬኩዊየም ማለት በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ለሞተ ሰው የሚደርስ የቅዳሴ ጸሎት ነው፤ ፎሬ ዜማውን የደረሰለት ያንን ነው።

«ፍትሐት ነው እትዬ» አልኳቸው።

«አላልኩህም?» አሉ። «ገና ሲጀምር ሰው ሞቶባቸዋል ብዬህ ነበር።»

አዎ፣ ብለውኝ ነበር። አልፊዬሪ ታሪኩን የሚነግረን ኤዲ ከሞተ በኋላ ነው፤ የምናየው ሁሉ ያለፈ ነው። ቤቱ ከመጀመሪያውም ልቅሶ ቤት ነበር። እኔ ዲኮር፣ ርቀት፣ የግሪክ በር እያልኩ የምዞረውን አክስቴ በሩ ላይ ቆመው ዕቃ መውጣቱን አይተው ጨርሰውታል።

መጨረሻው እንዲህ ነው። ዝግጅቱ ሲከፈት ጥቁር ሣጥን ከመድረኩ ላይ ይነሣና ሁለት የወደብ ሠራተኞች ከላይ በሚወርድ ውሃ ገላቸውን ሲታጠቡ እናያለን፤ የቀን ሥራቸውን ጨርሰው። ሲዘጋ፣ ማርኮና ኤዲ ሲያያዙ፣ የቤቱ ሰው ሁሉ ሊገላግል ገብቶ ሁሉም አንድ ላይ ተቆላልፎ አንድ ክምር ይሆናል። በሁለት ሰዓት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ በማንም መካከል ምንም ርቀት የለም። ከዚያ ከላይ ይዘንባል። ውሃ አይደለም፤ ቀይ ነው። ነጩን ወለል፣ እግራቸውን፣ ፀጉራቸውን ያለብሰዋል።

አክስቴ ስኒያቸውን አስቀምጠው ጥቂት ዝም ብለው አዩት።

«ነገም ይሠሩታል እንዴ ይህንን?»

«ያኔ በየቀኑ ነበር የሚሠሩት።»

«እና ያን ሁሉ ደም ማን ነው የሚያጥበው?»